ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ መጋዘን ያለው አጎቴ የዕለት ሥራውን የሚጽፍበት ደብተር በላብና በአቧራ እየተበላሸ ቢያስቸግረው፣ ሥራ መከታተያ የሚሆን ቀላል ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። ሶፍትዌር እየሠራሁ የምተዳደር ሰው በመሆኔ ከሁለት ቅዳሜ አያልፍም ብዬ ተቀበልሁት።

መረጃውን ያኖርሁት በኤስኪውላይት ነው። ኤስኪውላይት የተለየ ሰርቨር ሳይፈልግ ዳታቤዙን በአንድ ፋይል የሚይዝ ከመሆኑም በላይ፣ በምዝገባ መሐል መብራት ቢጠፋ ያልተጠናቀቀውን ለውጥ ሰርዞ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ለዚያ መጋዘን ይስማማል። «በመሠራት ላይ» የሚል ደረጃ ጨምሬ ነበር፤ አጎቴ ግን ጫኝና አውራጆቹን ከበሩ ቆሞ ስለሚያያቸው አወጣሁት። ፍለጋው ደግሞ «ዕቃ» ተብሎ የተጻፈውን «እቃ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው አላገኝ ስላለ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ከማነጻጸሩ በፊት ወደ አንድ እንዲመልስ አደረግሁ።

ያደከመኝ ጊዜው ነው። ፕሮግራሙን የጻፍሁበት የኮምፒዩተር ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ አንድን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ያሳያል፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የመመለሱ ሥራ ግን በእኔ ላይ ወደቀ። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ካለፉት ዓመታት ለእያንዳንዱ 365 ቀን፣ ካለፉት ወራት ለእያንዳንዱ 30 ቀን ተቆጥሮ፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የምትመጣው ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን ትደመርበታለች። መስከረም 1 ቀን 2016 በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 12፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲያርፉልኝ ሥራው አለቀ ብዬ ተኛሁ።

ሙቀቱን ለማምለጥ በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ የሚሄድ መኪና ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይጫናል። አጎቴ «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ መዘገበ። የእኔ ኮድ 8 ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወዳለው ሁለተኛ ሰዓት ለውጦ ከሐሙስ ጋር አያያዘውና ማስታወሻው ረቡዕ ሌሊት ጮኸ። ጫኝና አውራጆቹ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው መጡ፤ መኪና የለም።

«አቦ፣ ልጄ፣ ሐሙስ ገና ሳይመሽ እንዴት ሐሙስ ሌሊት ይሆናል?» አለኝ በማግስቱ።

እውነቱን ነው፤ ለእሱ ሌሊቱ የሚቆጠረው ካለፈው ቀን ጋር ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ለሚመዘገብ ሥራ አንድ ቀን እንዲጨመር አደረግሁ። ይሁን እንጂ ያው አጎቴ «ዓርብ ንጋት 11 ሰዓት» ሲል ዓርብን ራሱን ማለቱ ስለሆነ፣ ሌሊትንና ንጋትን በመመዝገቢያው ላይ ለየኋቸው። ፕሮግራሙም ከመመዝገቡ በፊት «ለዓርብ አጥቢያ» ብሎ መልሶ ያሳያል።

ይህም አልበቃም። ከሾፌሮቹ አንዱ ቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚጀምር አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ለእሱ የጁምዓ ሌሊት ማለት አጎቴ የሐሙስ ሌሊት የሚለው ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አንዱን መርጬ ሌላውን ማረም ደግሞ የእኔ ድርሻ አይደለም። ስለዚህ አሁን ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን በትልቁ የሚታየው የቀኑ ስም ሳይሆን የቀረው ጊዜ ነው፦ «14 ሰዓት ቀርቶታል»።