ከማስፈረማችሁ በፊት ካርዱን ፓውደር አስነኩት

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ አንድ እሽግ የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ካመጣልኝ ወዲህ ተጫዋቾችን ካርዳቸው ላይ ማስፈረም ሱስ ሆነብኝ። የእኛ አገር ተጫዋቾች ካርድ ስለሌላቸው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ፎቶ ቤት በዚያው ልክ፣ 6.4 በ8.9 ሴንቲ ሜትር፣ አሳትማለሁ። አታሚው «ማት (የማያብረቀርቅ) ከሆነ ቀለሙ ይሞትብሃል» እያለ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ይሰጠኛል። ለፊርማ ከሆነ አትስሙት።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ካርዱን በጠርዙ ይዛችሁ፣ በጥጥ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ቀስ አድርጋችሁ አሹት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አራግፉት። የጣት ቅባቱ ይነሳል፣ ብልጭታው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ማርከሩም ይይዛል። መጀመሪያ በትርፍ ካርድ ሞክሩ። ስታዲየም በር ላይ ያስፈረምኳቸው ሁሉ እንዲህ ነው፤ አንዱም አልተበላሸም።

የተበላሸው የጋሼ ነው።

ጋሼ ጎረቤታችን ነው (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይለመድም፤ እሱንማ አንቱ ካሉት ይቆጣል)። የድሬዳዋው የኳስ ክለብ ጥጥ ማኅበር በ1975 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን ቡድኑ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ለምኜ ካርድ አሠራሁት። ፓውደር ግን አላስነካሁትም። ሳሳሁለት። የሽማግሌውን የወጣትነት ፊት በጥጥ መፈተግ ነውር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ሻይ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ማርከሩን ተቀብሎ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ስሙን፣ ከሥሩ «ጥጥ ማኅበር»፣ ከሥሩ «1975» ብሎ ጻፈ። ቀለሙ ቅባት የነካው ምጣድ ላይ እንደወደቀ ውሃ ክብ ክብ ሠራ። በዚያ ላይ ጋሼ ግራኝ ነው። በግራ እግሩ ስም ያወጣ ሰው በግራ እጁ እንደሚጽፍ እንዴት አላሰብኩም? እጁ ገና ያልደረቀውን ፊደል ተከትሎ እየጠረገ ሄደ። ቀና ብሎ መዳፉን አየና «አቦ፣ እኔ ላይ ነው እንዴ ያስፈረምከኝ?» አለኝ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ አሁንም ደህና ነበር። ማርከሩን የሸጠልኝ ሰው «ፐርማነንት ነው፣ በምንም አይለቅም» ብሎኝ ስለነበር ጠርዙን ብቻ ላጽዳ ብዬ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አልኮል በጥጥ ነካ አደረግሁት። ለቀቀ። የማልያውንም ቀለም ይዞ ለቀቀ። አሁን የጋሼ ደረት ላይ ነጭ ደመና አለ፤ ከስሙ የቀሩት ሁለት ፊደላት ናቸው።

ሌላም አለ፦ የድሬ ሙቀት አያታላችሁ። ላዩ ቶሎ የደረቀ ይመስላል፤ የካርድ ማስቀመጫው ላስቲክ ውስጥ ስትከቱት ይጣበቃል። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ገልጬ ነው የማሳድረው።

ሁለተኛውን ቅጂ በፓውደር አሽቼ ስመለስ ጋሼ ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ሄዷል። ካርዱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ልጁ ጋ እደውላለሁ፤ «ትንሽ ይቆያል» ይለኛል።