ባሕር ዳር ላይ በክረምት የኮምፖስት ጉድጓድ አትቆፍሩ

ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ጓሮ ማልማት ይቻላል። ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ ዘራሁ፣ በቀሉ። ተባይ ሲመጣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጬ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሬና አጥልዬ ረጨሁ፤ ሠራልኝ።

ያንገበገበኝ ኮምፖስቱ፣ ማለትም ከልጣጭ፣ ከእበትና ከቅጠል ተብላልቶ የሚወጣው ማዳበሪያ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ የግብርና ባለሙያ አማከርኩ።

«አንድ ሜትር ቆፍር፣ ሙላው፣ አፈር አልብሰው» አለኝ።

«ዝናቡስ?» አልኩት።

«መመሪያው እንደዚያ ነው።»

ቆፈርኩ። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እበትና ቅጠል ሞላሁበት። ሐምሌ ላይ ዶፉ ወረደ። አፈራችን ሸክላማ ስለሆነ ውሃው መስረጊያ አጣ፣ ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ። ኮምፖስት የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉ። ውሃ አየሩን ሲያስወጣው በቦታቸው ሌሎች ይራባሉ፣ የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝም ያወጣሉ። ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው «ልጄ፣ ግቢህ ውስጥ ምን ሞቶ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ።

ቀጥሎ የጽዳት ተቆጣጣሪዎች መጡ። «ድፈነው፣ አለዚያ ትቀጣለህ!» የባለሙያውን ምክር ብነግራቸው አልሰሙኝም። እሱም ስልክ አያነሳም። አንዱ መሥሪያ ቤት አስቆፈረኝ፣ ሌላው አስደፈነኝ፤ መሐል ላይ የተሰደብኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ክረምት በየዓመቱ ይመጣል! ጉድጓድ እርጥበት ስለሚይዝ ለበጋ ጥሩ ነው። ለክረምት ግን ከመሬት በላይ መከመር እንደሚሻል ለሰው መንገር ምን ይከብዳል?

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየር እንዲያልፍ ጭራሮ አነጥፋለሁ። ከዚያ ደረቁን (ጭድና ደረቅ ቅጠል) እና እርጥቡን (ልጣጭና እበት) እያፈራረቅሁ እደረድራለሁ፣ ደረቁን አበዛለሁ። ላዩን በሙዝ ቅጠል እሸፍናለሁ። መሐሉ ላይ እንጨት ሰክቼ፣ ስነቅለው ትኩስ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀዝቅዞ ከረጠበ አገላብጬ ጭድ እጨምራለሁ። በዚህ መንገድ የወጣው ኮምፖስት ጥቁርና ፍርፍር ያለ ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በኩራት አሳያለሁ።

እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ከጣና ሐይቅ አምጥታችሁ ጨምሩ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ የጓሮ ክምር ደግሞ ሁሉም ቦታው እኩል አይግልም። ከግቢያችን የሚወጣው ጎርፍ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ጣና ነው። ደረቅ ነገር ካጠራችሁ ቀለምና መድኃኒት ያልነካው ሰጋቱራ ከአናጺ ለምኑ።