ባለ ባትሪ መጋዝ ሰንሰለቱ ሲያዝ፦ ከጥገና ልምምዴ እስካሁን የያዝኩት

የቤንዚን መጋዝ ሰንሰለቱ ቢያዝም ሞተሩ መዞሩን አያቆምም፤ በመካከል ያለው ፍሪሲዮን ስለሚንሸራተት ችግሩ ከሞተሩ ውጭ መሆኑን ጆሮ ብቻውን ይለየዋል። በአብዛኞቹ ባለ ባትሪ መጋዞች ላይ ግን ሞተሩ ሰንሰለቱን የሚጎትተውን ፒኞን በቀጥታ ወይም በማርሽ አማካኝነት ስለሚያዞር፣ ሰንሰለቱ ሲያዝ ሞተሩም አብሮ ይያዛል። መዞር ያልቻለ ሞተር ከመጠን ያለፈ ከረንት ይስባል፤ መቆጣጠሪያውም ሞተሩና ባትሪው እንዳይጎዱ ኃይሉን በቅጽበት ያቋርጣል። በዚህ ምክንያት ፍጹም መካኒካል የሆነ ብልሽት የባትሪ ድካም መስሎ ይታያል፤ ምርመራውም ከቻርጀሩ ይጀምራል። ይህን መሣሪያ መጠገን መማር ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ልማድ መልቲሜትር ከማንሳቴ በፊት ሰንሰለቱን በእጅ ማዞር ነው።

እጅ ወደ ሰንሰለቱ ከመቅረቡ በፊት ባትሪው መውጣት አለበት። የቤንዚን ሞተር መነሳቱና መጥፋቱ በድምፁ ይታወቃል፤ ባለ ባትሪው ግን ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦም ማስነሻው ሲነካ ወዲያውኑ ይነሳል። ወፍራም ጓንትም ያስፈልጋል፤ ቆራጭ ጥርሶቹ ቆመውም ይቆርጣሉ። ከዚያ ፍሬኑን አያለሁ። ከላይኛው እጀታ ፊት ያለው የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ተገፍቶ ከሆነ ሰንሰለቱ ታስሯል ማለት ነው፤ ወደ እጀታው ሲሳብ ይለቃል። ፍሬኑ ተለቅቆም ሰንሰለቱ አልንቀሳቀስ ካለ መሣሪያውን ለሁለት ከፍሎ ማየት ይገባል፦ የጎን ሽፋኑን ዳዶ ፈትቶ፣ ሰንሰለቱንና መሪ ብረቱን (ሰንሰለቱ በጠርዙ ቦይ ውስጥ የሚዞርበትን ረጅም ጠፍጣፋ ብረት) አውጥቶ ፒኞኑን ብቻውን ማዞር። ብሩሽ የሌላቸው ሞተሮች በውስጣቸው ቋሚ ማግኔት ስላላቸው በእጅ ሲዞሩ በየጥቂቱ ያዝ ለቀቅ የሚል ስሜት ይሰጣሉ፤ ይህ ጤናማ ነው። ፒኞኑ ከዞረ ሞተሩ ከጥርጣሬ ይወጣል፤ ጥፋቱም በሰንሰለቱ፣ በመሪ ብረቱ ወይም በውጥረቱ ውስጥ ይቀራል። ካልዞረ በዙሪያው የተሰነቀረ የእንጨት ስንጣሪ ወይም የተጠመጠመ ሲባጎ እፈልጋለሁ፤ ያም ከሌለ ኩሽኔታው ወይም ማርሹ ተይዟል ማለት ነውና ቀፎውን መክፈት ለባለሙያ እተወዋለሁ።

ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ውጥረቱን ለመረዳት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 52 መንጃ ጥርስ (ከሰንሰለቱ ሥር ወጥቶ በቦዩ ውስጥ የሚሄድ ጥርስ) ያለው፣ ፒቹ (የሦስት ተከታታይ ሪቬቶች ርቀት ግማሽ) 3/8 ኢንች የሆነ ሰንሰለት ርዝመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው፤ የብረት የመስፋት መጠን ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል ስለሆነ፣ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ቢቀንስ ሰንሰለቱ 0.7 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል። መሪ ብረቱም በከፊል ሞቆ ስለነበር እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም በሥራ መካከል ላልቶ የታየን ሰንሰለት እንደሞቀ አጥብቆ ማሳደር በማግስቱ ግትር ብሎ እንዲገኝ ለማድረግ ይበቃል። ስለዚህ ውጥረቱ የሚስተካከለው ሰንሰለቱ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ በሙቀቱ ማጥበቅ ግድ ከሆነም ሥራው ሲያበቃ መልሶ ማላላት ያስፈልጋል። ሲስተካከል የመሪ ብረቱ ጫፍ ወደ ላይ ተደግፎ ዳዶው ይጠብቃል። ከዚያ ሰንሰለቱ ከመሪ ብረቱ መካከል ቀስ ተብሎ ሲሳብ መንጃ ጥርሶቹ ከቦዩ ፈጽመው ሳይወጡ ሊመለሱ፣ በእጅም ያለ ትግል ሊዞር ይገባል። ከልክ በላይ የላላም ቢሆን ያስይዛል፤ ከቦዩ ወጥቶ በፒኞኑና በቀፎው መካከል ይሰነቀራል፣ መንጃ ጥርሶቹንም ፒኞኑ ይቦጫጭቃቸዋል።

ሙሉ በሙሉ ሳይያዝ እየዞረ አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ሰንሰለት ግን ከሁሉም የበለጠ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንዱን መገጣጠሚያ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ሰንሰለቱን ቀስ እያልኩ አዞራለሁ። ክብደቱ የሚመጣው ምልክቱ ፒኞኑ ጋ ወይም የመሪ ብረቱ ጫፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ከሆነ ጥፋቱ በዚያው መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ ሪቬቱ ደርቋል ወይም መንጃ ጥርሱ ተጣሞ ጠርዙ ወጥቷል። ፒኞኑ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ፒኞኑ ያለ እኩል ተበልቷል ወይም ዘንጉ ተጣሟል። ጥርሶቹ የትም ይሁኑ የትም ግጭቱ የማያቋርጥ ከሆነ ተጠርጣሪው መሪ ብረቱ ነው፤ እንጨት ሲጨመድደው የቦዩ ከንፈር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህን ለማረጋገጥ ሰንሰለቱን በእጅ ይዞ ጥርሶቹን በቦዩ ርዝመት ሁሉ ማስኬድ ይበቃል፤ የሚነክስበት ቦታ ራሱን ያሳያል። ወደ ውጭ የወጣ ስለታም ጠርዝ በጠፍጣፋ ሞረድ ይስተካከላል፤ በእጅጉ የተጣመመ መሪ ብረት ግን ቢቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። በመሪ ብረቱ ጫፍ ያለው ትንሽ ባለ ጥርስ መዞሪያም በጣት መዞር አለበት፤ እርሱ ከደረቀ ሰንሰለቱ ጫፉ ላይ እየተፋተገ ይግላል።

ሰንሰለቱ አዲስ ከሆነ አስቀድሞ መለካት ያለበት ውፍረቱ ነው። በባለ ባትሪ መጋዞች ላይ 1.1 እና 1.3 ሚሊሜትር የሆኑ መንጃ ጥርሶች የተለመዱ ናቸው፤ ባለ 1.3ቱ ለ1.1 በተሠራ ቦይ ውስጥ አይገባም፣ በኃይል ቢገባም አይዞርም። ፒቹም የሦስት ተከታታይ ሪቬቶችን ርቀት ለሁለት በማካፈል ይገኛል፤ ከፒኞኑ ፒች ጋር ካልገጠመ ሰንሰለቱ እየዘለለ ይያዛል።

ከተቀመጠበት ሲወጣ ግትር ብሎ የሚገኝ ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ታሪክ አለው። የአትክልት ዘይት ለአየር ሲጋለጥ እየወፈረ ስለሚሄድ ከሰጋቱራ ጋር ተደባልቆ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ሰንሰለቱን ከእሳት በራቀ ቦታ ላምባ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አጥፎ አድርቆ በዘይት ማራስ ይመልሰዋል፤ የመሪ ብረቱን ቦይና የዘይት ቀዳዳውን ግን በቀጭን ሽቦ መጥረግ ካልተጨመረበት ሰንሰለቱ ያለ ዘይት ስለሚዞር እንደገና መያዙ አይቀርም።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት የዘይት ፓምፑን መፈተሽ ነው። ሰንሰለቱ በነፃ መዞሩ ከተረጋገጠና ባትሪው ከተመለሰ በኋላ የመሪ ብረቱን ጫፍ ሳይነካ ከነጣ ካርቶን በላይ ይዤ መጋዙን ለጥቂት ሰከንዶች አስነሳለሁ፤ ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ከታየ ፓምፑ ይሠራል። መስመሩ ካልታየ መሪ ብረቱን አውርጄ ከቀፎው በኩል ያለውን የዘይት መውጫ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ የታንኩን ማጣሪያ ማውጣትና ማጠብ ይቀጥላል፣ እኔም ያለሁት እዚያ ደረጃ ላይ ነው።