የታሸገው ፖስታ

ዝውውር ስጠይቅ ውጤቴ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ጨርሻለሁ፣ እናቴ ታማለች፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አለ። ምን ይቸግራል?

ይቸግራል። ስቱደንት ኮፒዬን፣ ማለትም ለተማሪው የሚሰጠውን የውጤት ወረቀት፣ ይዤ ስቀርብ የሬጅስትራሩ ሰውዬ ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ። «እህቴ፣ ይሄ ላንቺ ነው። ለእኛ ኦፊሻሉ ትራንስክሪፕት ነው የሚመጣው፤ በታሸገ ፖስታ፣ ከተቋም ወደ ተቋም።» የኮርሶቹን ዝርዝር ይዘትም ጠየቀኝ። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ኮርስ አይያዝም ለካ፤ ይዘቱና ክሬዲቱ ተነጻጽሮ ነው።

ተመልሼ ዓባይ በረሃን ተሻገርኩ። ከደጀን ቁልቁል፣ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ። የድሮው ግቢዬ ደግሞ «ክሊራንስ ካልጨረስሽ ትራንስክሪፕት የለም» አለኝ። ክሊራንስ ማለት በእጅ ያለ የግቢ ንብረት ሁሉ መመለሱን ማስመስከር ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አልመለስኩም። የት ነው ያለው? ማርቆስ፣ እናቴ ራስጌ!

ስደውልላት «በማርቆስ!» አለች። «እኔ እኮ የመድኃኒቴን ብርጭቆ የማስቀምጥበት ነው።» በማግስቱ በአውቶብስ ሰው ፈልጋ ላከችልኝ። ሽፋኑ ላይ የብርጭቆው ክብ ምልክት ቀርቷል። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ምልክቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ዝም ብላ ማህተሟን መታች።