ቋጣሪዋ እናቴ

ቅዳሜ ዕለት ቦሌ አካባቢ አራት ሆነን ምሳ በላን። ሂሳቡ ሲመጣ የተለመደው ግብግብ ተጀመረ። «በሞቴ!» «ኧረ አይሆንም!» «ያለፈው ያንተ ነበር፣ ዛሬ የኔ ነው!» አስተናጋጁ መሃላችን ቆሞ ይስቃል። አሸነፍኩ። 3,400 ብር በቴሌብር ላኩ።

ወጥተን ከተለያየን በኋላ ሂሳቤን አየሁት። የቀረኝ 1,150 ብር ነው። ደሞዝ ሊገባ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ይቀራል። ምኑን ነው ያሸነፍኩት?

ይባስ ብሎ ከአራታችን አንዱ 15,000 ብር ተበድሮኛል። አስር ወር ሆነው። «በሞቴ» እያልኩ የሱንም ምሳ ከፍያለሁ ማለት ነው። ብድር በምድር ይላሉ፤ የኔው ብድር ግን እስካሁን ምድር ላይ አልታየም። እንዳልጠይቀው ይሉኝታ ያዘኝ። እዚያው ቀን ማታ ግን ለአምስት ብር መልስ ከወያላ ጋር ተጨቃጭቄአለሁ። እኔም ራሴን አልገባኝም።

ታክሲ ውስጥ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባዬ ደብረ ብርሃን ውስጥ መምህር ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሰው ፊት ብር አይቆጥርም። ደሞዙን ተቀብሎ ሲመጣ እንደታጠፈ ለእማዬ ይሰጣታል። ዋጋ መከራከር ያሳፍረዋል፤ ሻጩ ሁለት መቶ ካለው ሁለት መቶ ነው። የድሮ ተማሪውን መንገድ ላይ ካገኘ ሻይ ሳይጋብዝ አይለቀውም።

እማዬ ግን ቅዳሜ ገበያ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሩብ ሰዓት ትቆማለች። ሦስት ብር ለማስቀነስ ትታ ትሄዳለች፣ ሻጯ እስክትጠራት። እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላዋ መሬት መሬት አያለሁ። አንዳንዴ ሻጯ የክፍል ጓደኛዬ እናት ትሆናለች። ያኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አባዬ ቸር፣ እማዬ ቋጣሪ ብዬ ከደመደምኩ ቆይቻለሁ።

የቋጠረችውን ያየሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። መስከረም 4 ቀን የብር ኖት መቀየሩ ተነገረ። የድሮው 10፣ 50 እና 100 ብር በሦስት ወር ውስጥ ይቀየር ተባለ፤ ያልነበረው ባለ 200 ብርም መጣ። በማግስቱ እማዬ ደወለችልኝ።

«ቅዳሜ ና።»

«ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?»

«ና ብያለሁ።»

ሄድኩ። አባዬ እስኪወጣ ጠብቃ በሩን ዘጋች። ከሳጥኗ ሥር አንድ ያረጀ ነጠላ አወጣች። አራቱም ጫፍ ተቋጥሯል። አራት ጫፍ ስላልበቃት መሃሉ ላይ በክር የታሰሩ ሌሎች ሁለት ቋጠሮዎች አሉ። ከመጥበቃቸው የተነሳ አንዳንዱን በጥርሷ ነው የፈታችው። ብሮቹ ተጨማደው እንደ ቅጠል ተጣብቀዋል። በርበሬ በርበሬ ይሸታሉ።

«ይሄ የዕድር ነው። ይሄ የዕቁብ፣ ሳምንቱ ሲደርስ እንዳይጎድልብኝ። ይሄ ለገብርኤል የተሳልኩት ነው፣ እንዳትነካው። ይሄ የበዓል ዶሮ።»

ዕቁቧን አውቀዋለሁ። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ የተቀየረው ዕጣው ሲደርሳት ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይዤው የሄድኩት ብርድ ልብስ የዕቁብ ነው።

አምስተኛውን ፈታች። ሁሉም ዝርዝር አስር አስር ብር ነው።

«ይሄ ያባትህ ነው።»

«የአባዬ ምን?»

«የሻዩ።»

ጠዋት ጠዋት ሳያያት ኮቱ ኪስ ውስጥ ትከትለታለች። እሱም ከየት መጣ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራለት የአባዬ ቸርነት ከሽንኩርቱ ላይ የተቀነሰው ሦስት ብር ነበር።

ያን ቀን እስኪገባኝ ድረስ ሁለቱን ተቃራኒ ሰዎች አድርጌ ነበር የማያቸው። ለካ የሚሸሹት አንድ ነገር ነው፤ ባዶ እጅ ሆኖ ሰው ፊት መቆም። እሱ በመስጠት ይሸሸዋል፣ እሷ በመቋጠር። እኔ ከሁለቱም የወረስኩት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን አሳስቼ። ለጓደኛ ሂሳብ አባቴን እሆናለሁ፣ ለወያላ እናቴን። አንድ ቋጠሮ ግን የለኝም።

ስድስተኛውን ስትፈታ «እሱን አትቁጠረው» አለችኝ። መቀየር አለበት፣ ስለዚህ ቆጠርኩት። 6,200 ብር። መቀበሪያዋ ነው።

«ዕድር እያለሽ?» አልኳት።

«ዕድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮውን ይቀቅላል። ልጇ ተበድሮ ቀበራት እንዳይሉህ ነው ይሄ።»

ባንክ ይግባና ወለድ ይያዝ ብዬ ለመንኳት። «ባንኩ የቱ ለገብርኤል፣ የቱ ለአባትህ እንደሆነ ያውቅልኛል?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሰልፍ ይዘን ቀየርነው። የገንዘብ መቁጠሪያው ማሽን የተጨማደደውን ብር እየመለሰ ሲያስቸግር ገንዘብ ያዧ በእጇ እያቃናች ቆጠረችው። እማዬ እስክትጨርስ ዓይኗን ከጣቶቿ ላይ አልነቀለችም። ቤት ስንገባ አዲሶቹን ብሮች እንደገና ስድስት ቦታ ቋጠረቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶውን አለፈ። ሽንኩርቱም፣ ቆርቆሮውም፣ የሬሳ ሳጥኑም ተከትሎት ወጣ። ነጠላው ጫፍ ላይ ያለው ብር ግን ቁጥሩን እንጂ አቅሙን ማን ይጠብቅለታል? እየጨመረችበት ይሁን አይሁን አላውቅም። እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃት?

ቅዳሜ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ሳሰላው ነው ነገሩ የከበደኝ። የአንድ ቀን ምሳዬ ያን ጊዜ ከቆጠርኩት የእናቴ መቀበሪያ ከግማሽ ይበልጣል።

ለባለዕዳው ጓደኛዬ መልእክት ጻፍኩ። «ወንድሜ፣ ያቺን ነገር...» አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። አሁንም አልተላከም፣ ስልኬ ውስጥ ተቀምጧል።

እሁድ ጠዋት እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደወልኩላት። እንደ ወትሮዋ ትናንት ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ከጓደኞቼ ጋር ውጭ በላን አልኳት።

«ማን ከፈለ?»

«እኔ።»

«ስንት?»

እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ስድስት መቶ» አልኳት።

ለአፍታ ዝም አለች።

«ስድስት መቶ! አላስቀነስክም?»