ከክሪስቶፈር ጎዳና እስከ ኬንት አቬኑ፦ በሲልቪያ ሪቬራና በማርሻ ጆንሰን ፈለግ

ኒውዮርክ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስቶንዎል የተባለውን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጠጥ ቤት ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። የሲልቪያ ሪቬራ ስም የተሰቀለበት ጥግ ግን ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የትራንስጀንደር ሰዎችን (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ፆታ የተለየ ማንነት ያላቸውን) መብት ቀድመው በአደባባይ ከጠየቁ ታጋዮች አንዷ ስለሆነች፣ መንገዱን በደንብ ልጻፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቁጥር 1 ባቡር ክሪስቶፈር ስትሪት–ስቶንዎል ጣቢያ ወረድኩ። ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ በጎዳና ቁጥር መመራት ያሳስታል፤ እዚህ ዌስት 4ኛ ጎዳና ተጠምዝዞ ዌስት 10ኛን ያቋርጣል። ሰው ስትጠይቁ የጎዳናውን ስም ጥሩ።

መጠጥ ቤቱ 53 ቁጥር ላይ ነው። ፖሊስ ጁን 28፣ 1969 ሌሊት ሲወርበት ደንበኞቹ አንበተንም አሉ፤ ግጭቱ ለቀናት ዘለቀ። ፊት ለፊቱ ባለው ትንሽ መናፈሻ ነጭ የተቀቡ የነሐስ ሐውልቶች አሉ፦ ሁለት ወንዶች ቆመው፣ ሁለት ሴቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የአንዷ እጅ በሌላዋ ጭን ላይ አርፎ። ያምራሉ፤ ሲልቪያና የትግል ጓደኛዋ ማርሻ ጆንሰን ግን ከነሱ መሀል የሉም። ቦታው በ2016 ብሔራዊ መታሰቢያ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2025 የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት «ትራንስጀንደር» የሚለውን ቃል ከመታሰቢያው ድረ ገጽ ሲያነሳ ሰው እዚሁ መናፈሻ ወጥቶ ተቃወመ። ትክክል ነበር፤ ታሪኩ ያለነሱ አይነገርም።

ከዚያ ክሪስቶፈርን ይዛችሁ ወደ ሀድሰን ወንዝ፣ ወደ ምዕራብ፣ ውረዱ። ሀድሰን ጎዳና ጋ ስትደርሱ ቀና በሉ፤ ከ2005 ጀምሮ የሲልቪያ ስም እዚያ ተሰቅሏል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚሄድ ሰው ያልፈዋል።

ሲልቪያ ገና በልጅነቷ ከቤት ወጥታ ጎዳና ላይ ያደገች ናት። በ1970 ከማርሻ ጋር «ስታር» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። መጀመሪያ ቤት አልባ ወጣቶችን ያሳደሩት በቆመ የጭነት መኪና ተሳቢ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ምግብ ይዘው ሲመጡ ተሳቢው ልጆቹን እንደያዘ ሲነዳ ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ነው ኢስት 2ኛ ጎዳና 213 ቁጥር ቤት የተከራዩት። ወጣቶቹ ወጥተው እንዳይለምኑና ገላቸውን እንዳይሸጡ ኪራዩን የሚከፍሉት ሁለቱ ራሳቸው፣ በዚያው በጎዳና ሥራ ነበር። ቤቱ ዓመት ሳይሞላው በ1971 ተባረሩ።

በ1973 ዋሽንግተን ስኩዌር በተደረገው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የመብት ሰልፍ ላይ መድረክ ወጥታ ከማኅበረሰቡ እስር ቤት ስላሉት ስትናገር የገዛ ወገኖቿ ጮኹባት። በፌብሩዋሪ 2002 ሕይወቷ ሊያልፍ ሲል እንኳ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና በግዛቱ የፀረ መድልዎ ሕግ ውስጥ ትራንስጀንደር ሰዎች እንዲካተቱ ትደራደር ነበር። ሕጉ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሲጸድቅ አላካተታቸውም። የተካተቱት በ2019 ነው። በስሟ በ2002 የተመሠረተው የሕግ ድርጅት ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ትራንስጀንደር ሰዎች በነጻ ይቆማል፤ ከሐውልት ሁሉ የሚበልጠው ለእኔ ይሄ ነው።

ጎዳናው መጨረሻ ላይ ሰፊውን መንገድ በእግረኛ መብራት ተሻግራችሁ ፒየር 45 ትደርሳላችሁ። የማርሻ አስከሬን በጁላይ 1992 የተገኘው በዚህ አካባቢ ወንዙ ላይ ነው። ፖሊስ ራሷን አጠፋች ብሎ ፋይሉን ቢዘጋም ወዳጆቿ አልተቀበሉትም፤ ጉዳዩ በ2012 እንደገና ተከፈተ።

የማርሻን መናፈሻ ለማየት ወደ ክሪስቶፈር ጣቢያ ተመለሱና በ1 ባቡር ወደ ሰሜን እስከ 14ኛ ጎዳና ሂዱ። ከመግባታችሁ በፊት የመግቢያውን አቅጣጫ አንብቡ፣ አለበለዚያ ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ። 14ኛ ላይ በረጅሙ የውስጥ መተላለፊያ ወደ ብሩክሊን ወደሚሄደው ኤል (L) ባቡር ተሻገሩና ቤድፎርድ አቬኑ ውረዱ። ከዚያ ወደ ሌላኛው ወንዝ፣ ወደ ኢስት ሪቨር፣ ኬንት አቬኑ 90 ነው።

መናፈሻው በልደቷ ቀን፣ ኦገስት 24፣ 2020፣ ስሟን ያዘ። በኒውዮርክ ግዛት መናፈሻዎች ታሪክ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና በትራንስጀንደር ማኅበረሰብ አባል ስም የተጠራ የመጀመሪያው ነው። በቀድሞው ወደብ ኮንክሪት ላይ በቀለማት ያሸበረቀ ትልቅ የፕላስቲክ ሥዕል ሊነጠፍ ታቅዶ ነበር። ፀጉሯን በአበባ ታስጌጥ ለነበረች ሴት ፕላስቲክ አይገባም ብለው ቤተሰቧና የሰፈሩ ሰዎች በ2021 ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ቀረ።