«አውቃለሁ» ብዬ የገባሁበት ፋንታሲ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ኦገስት 2024 ነው። የምሠራው እዚህ ቨርጂኒያ፣ አንድ መጋዘን ቢሮ ውስጥ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አለቃዬ መጣና «ፋንታሲ ፉትቦል ላይ አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ትጫወታለህ?» አለኝ። ፋንታሲ፣ የእውነተኛ ተጫዋቾችን ስም መርጠህ ቡድን ሠርተህ፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሠሩት ነጥብ የምትወዳደርበት ጨዋታ፣ ሲባል እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ለዓመታት ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አላርም ሞልቼ የምነሳው የፕሪሚየር ሊግ ቡድኔን ለማስተካከል ነው፤ ባለቤቴ ትመስክር። «አውቃለሁ!» አልኩት። «ድራፍትስ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ድራፍት ሲባል እኔ የማውቀው በጃምቦ የሚቀዳውን ነው። ግን አንዴ አውቃለሁ ብያለሁ፣ ወደኋላ አይኬድም። «እሱንም አውቃለሁ።»

ሐሙስ ከሥራ በኋላ አሥር ሆነን ላፕቶፕ ይዘን ተቀመጥን። ሞክ ድራፍት ነው፣ መለማመጃ ማለት ነው፤ ዋናው በሚቀጥለው ሳምንት። ስክሪኑን ስከፍት ሳላህ የለም። ሃላንድ የለም። የተደረደረው የማላውቀው ሰው ስም ነው፣ ግማሹ ሄልሜት አድርጓል። ያኔ ነው የገባኝ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ነው። አሜሪካ እየኖርኩ «ፉትቦል» ሲሉኝ ምን መስሎኝ እንደነበር እንጃ።

ተነስቼ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

መጀመሪያ የፈለግኩት ዋጋ ነው። በኛው ፋንታሲ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል፣ በሱ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፣ ሳላህን የፈለገ ሁሉ ሳላህን ይይዛል። እዚህ ብር የሚባል ነገር የለም። ድራፍት የሚሉት ይሄን ነው፤ በተራ ትመርጣለህ፣ አንድ ሰው የወሰደውን ሌላው አያገኘውም። የመጀመሪያው ሰው የሳንፍራንሲስኮውን ክርስቲያን ማካፍሪን ወሰደ፣ እኔም ልወስደው ስፈልግ ስሙ ጠፍቷል። ተራውም እንደ እባብ ተጠማዞ ነው የሚመለሰው። እኔ 10ኛ ስለነበርኩ 10ኛውንና 11ኛውን በተከታታይ መረጥኩ፣ ከዚያ እስከ 30ኛው ድረስ ቁጭ ብዬ የሰው ምርጫ ማየት ነው።

በነዚያ ሁለት ምርጫዎች ማንን ወሰድኩ? በስም የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ፓትሪክ ማሆምስና ጆሽ አለን። ሁለቱንም ወሰድኳቸው! ክፍሉ ፀጥ አለ። ሁለቱም ኳርተርባክ ናቸው፣ ኳሱን የሚወረውሩት ማለት ነው፤ በየሳምንቱ የሚሰለፈው ደግሞ አንድ ኳርተርባክ ብቻ ነው። ውድ በረኛ ገዝቶ ሌላውን እንደሱ ያለ በረኛ ተጠባባቂ ላይ እንደማስቀመጥ በሉት። ይባስ ብሎ 5ኛው ዙር ላይ ኪከር ወሰድኩ። ለምን? ከሁሉም ውስጥ ኳስ በእግሩ የሚመታ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ዘመድ መሰለኝ። ኪከር የሚወሰደው መጨረሻ ላይ ነው አሉኝ በኋላ፣ ሳቃቸውን ከጨረሱ በኋላ ማለቴ ነው። ከዚያ ስልኬ ጠራ፣ ሳነሳው የኔ አንድ ደቂቃ አለቀና ኮምፒዩተሩ ራሱ መረጠልኝ። ከምርጫዎቼ ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

ከአጠገቤ የምትቀመጠው የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ናት ወንበሯን ጎትታ «እውነት ተጫውተህ ታውቃለህ?» ያለችኝ። «አላውቅም» አልኩ። ከዚያ በአሥር ደቂቃ ነገሩን አስረዳችኝ። ኳርተርባክ ብዙ ነጥብ ያመጣል፣ እውነት ነው፤ ግን አሥር ሰው ያለበት ሊግ የሚያስፈልገው አሥር ኳርተርባክ ነው፣ ደህና ኳርተርባክ ቆይተህም ታገኛለህ። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ራኒንግ ባክና ኳስ የሚቀበለው ሪሲቨር ግን ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ያስፈልጋል፣ ጥሩዎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ብዙ ነጥብ ያመጣል?» ሳይሆን «ተራዬ እስኪመለስ ማን ያልቃል?» ነው። በዚያ ላይ በኛ ሊግ ወርውሮ ታችዳውን፣ የነሱን ጎል በሉት፣ ያስገባ 4 ነጥብ፣ ይዞ የገባው ደግሞ 6 ያገኛል። ይህን ማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የሚያሳፍረው ፋንታሲው አይደለም። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን አዲስ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም አስገብቶ ነበር፣ መለማመጃ አካውንትም ለሁላችን ተሰጥቶን ነበር። አለቃዬ «ሞከርከው?» ሲለኝ ምን አልኩ መሰላችሁ? «አውቃለሁ፣ ድሮ የምሠራበት ቤት እንደሱ ያለ ነበረን።» ከፍቼው አላውቅም። በነጋታው ዓርብ ገብቼ ከፈትኩትና በመጀመሪያው ሰዓት 400 ካርቶን ወደ ተሳሳተ በር ላክሁ። በመለማመጃው ላይ ነው፣ ምንም አልሆነም። ሲስተሙ ሥራ የሚጀምርበት ሰኞ ቢሆን ኖሮ ግን እውነተኛ ካርቶን ነበር። ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኩት፣ ቆጣ ይላል ብዬ ነበር፣ እሱ ግን «እኔም ገና አልከፈትኩትም» አለኝ።

በዋናው ድራፍት ኳርተርባክ እስከ 8ኛው ዙር አልነካሁም። ዓመቱን 6ኛ ሆኜ ጨረስኩ፣ ለጀማሪ አይከፋም። አዋቂ ነን ባዮቹም ቢሆኑ፣ አንደኛ የተመረጠው ማካፍሪ ተጎድቶ በዚያ ዓመት የተጫወተው 4 ጨዋታ ብቻ ነው። የዋሽንግተኑን አዲስ ልጅ ጄደን ዳንኤልስን ለሰፈሩ ቡድን ካለው ፍቅር ብቻ የወሰደውን ሰውዬ ግን ስንስቅበት ነበር፣ ልጁ በማጥቃት በኩል የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

ሴትዮዋ በኋላ ወደ እኛው ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ገባች። የመጀመሪያ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና ግራ ገብቷት «ሳላህን አንተ ይዘኸዋል አይደል? ታዲያ እኔጋ ለምን ይታያል?» አለችኝ። ምሳዬን አስቀምጬ ወንበሬን ወደሷ ጎተትኩ።